«ምነው?» ለምትል ልጅ ትምህርት ቤት ፍለጋ

ከዛሪማ የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። እናቴ ልጄን በሁለት ጋቢ ጠቅልላ አቅፋት ነበር፤ እኔ ደግሞ ላልቅስ ወይስ ልፈር ሳላውቅ የነጠላዬን ጫፍ በጥርሴ ይዤ ቆሜያለሁ። ሰው ፊት ማልቀስ አልችልም። ሰው ፊት መሳቅም አልችልም። የምታውቁኝ ይህን ታውቃላችሁ፤ የማታውቁኝ ደግሞ አሁንም አፌን በነጠላ ሸፍኜ እንደማወራችሁ ቁጠሩት።

ልጄ ግን እንደኔ አይደለችም። ከጋቢው ውስጥ ጭንቅላቷን አወጣችና ሹፌሩን፣ «ምነው የማኪናው መብራት አንድ ዓይና ሆነ?» አለችው።

ሹፌሩ ዞር ብሎ መብራቱን አየና፣ «አንደኛው ገና አልነቃም» አላት።

«ምነው አትቀሰቅሰው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እናቴም እያለቀሰች ሳቀች። እንግዲህ ከአገሬ የወጣሁት በዚህ ዓይነት ነው።

ጎንደር መሄድ ስደት ይባላል ወይ የምትሉኝ አትጠፉም። ወንድሞቻችሁ ሱዳን ተሻግረዋል፣ እህቶቻችሁ ዓረብ አገር ናቸው፤ እኔ አውቶቡስ ላይ ጠዋት ወጥቼ ከሰዓት በኋላ ወረድኩ። አገሩ አንድ ነው፣ ቋንቋው አንድ ነው፣ ታቦቱም አንድ ነው። ግን «ሸጋ ነው» ብላችሁ ሻጩ ሲስቅባችሁ፣ ደግሞም ሳትጠሩት የሚያውቃችሁ ጎረቤት ሲጠፋ፣ እሱን ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ? እኔ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

የሄድነው ለልጄ ትምህርት ቤት ፍለጋ ነው። ስሟ ማንጠግቦሽ ነው፤ ያወጣችላት እናቴ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው። ጨው አምጪ ብዬ ስልካት ስለ እንሽላሊት የሚያስገርም ወሬ ይዛ ትመጣለች፤ ጨው የለም። እግርሽን ታጠቢ ስላት አንዱን ታጥባ ሌላውን ትረሳዋለች። ልቧ ክፉ አይደለም፤ ሰነፍም አይደለችም። በእኛ አገር አነጋገር ቀልብ የላትም፤ ቀልቧ ከወፍ ጋር ይበራል፣ ከፍየል ጋር ይዘላል፣ ብቻ ከእሷ ጋር አይቀመጥም። የሚያስተኛት እንቅልፍ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን እየታገለ።

ዛሪማ ያለው ክፍል በልጅ የተጨናነቀ ነው፤ መስኮቱም መስታወት የለውም። ማንጠግቦሽ በበር ገብታ በመስኮት ትወጣለች። መምህሯ ደግ ሰው ነበር፤ አንድ ቀን ጠራኝና፣ «እኔ ይህችን ልጅ ላስተምር ብል ሌሎቹ ይቀሩብኛል፤ ሌሎቹን ላስተምር ብል እሷ ትሄድብኛለች። ጎንደር የግል ትምህርት ቤት አለ፤ ክፍሉ ጥቂት ልጅ ነው የሚይዘው፤ እዚያ ውሰጃት» አለኝ።

ባሌ አስማረ መሬቱንና ከብቱን ጥሎ መምጣት አይችልም፤ እሺ ለማለት ደግሞ ታላቅ ወንድሙን አያ ዘለቀን መጠየቅ ነበረበት። በቤታችን ያለ አያ ዘለቀ ቃል ምንም አይቆረጥም። አያ ዘለቀ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «ይሂዱ» አሉ። «ግን እስከ ጥምቀት ነው። እስከዚያ ልጅቱ ከተቀመጠች እሰየው። ካልተቀመጠች ይመለሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቤት ትዋል። ቤትም ሥራ አለ።»

ቤት ትዋል ማለት ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። እኔንም ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ቤት ትዋል ብለውኛል፤ ይኸው እስከዛሬ ውያለሁ። ስለዚህ አውቶቡሱ ሲነሣ በልቤ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፦ ትቀመጥ። አምላኬ፣ ይህችን ልጅ አስቀምጥልኝ።

አምላክም ሰምቶ ሳይሆን አይቀርም የሳቀው፤ ሊማሊሞን እስክንወጣ ድረስ ማንጠግቦሽ ያልተቀመጠችበት ወንበር አልነበረም። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፣ ገደሉ ከበታች አይታይም፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል፤ እሷ ትዞራለች። ረዳቱ ትዕግሥቱ አለቀና፣ «እናት፣ ልጅሽ ለስንት ሰው ነው የተሳፈረችው?» አለኝ። ቆላ ለምደን ደባርቅ ላይ ብርዱ ጥርሳችንን ሲያንቀጫቅጨው ግን ማንጠግቦሽ ጭኔ ላይ መጥታ ተለጠፈች። «ምነው እዚህ አገር ፀሐይ የላቸውም?» አለችኝ። ጋቢውን ሳብ አደረግሁላት።

ጎንደር ቤት የተከራየሁት አያ ዘለቀ በሚያውቋቸው ሰዎች በኩል ነው። አከራዬ እትዬ ብርቄ ይባላሉ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ግቢያቸው ንጹሕ፣ ንግግራቸው እንደ መርፌ የሆነ ሴት ናቸው። በሩ ላይ አቁመው መረመሩኝ።

«ልጅ አለሽ?»

«አንድ አለችኝ።»

«ጸጥተኛ ናት?»

ነጠላዬን ወደ ጆሮዬ ሳብኩ። እኔ ስዋሽ ጆሮዬ ይቀላል።

«ስሟስ?»

«ማንጠግቦሽ።»

«እስቲ እናያለን» አሉ።

ያዩት ብዙ ሳይቆይ ነው። ጎንደር ውኃ እንደ እንግዳ ነው፤ መምጫው አይታወቅም፤ ሲመጣም በጉጉት ይቀበሉታል። እትዬ ብርቄ ውኃ በመጣ ቀን ትልቁን ሮቷቸውን ሞልተው ክዳኑን እንደ ሕፃን እየደባበሱ ነው የሚዘጉት። እኔ ወንዝ ዳር ያደግሁ ሰው ውኃ በክዳን ሲዘጋ ያየሁት እዚያ ነው። ማንጠግቦሽ እጇን ልትታጠብ የሮቶውን ቧንቧ ከፈተች፤ መሐል ላይ አንዲት ድመት አጥሩን ዘለለች፤ ልጄም ድመቷን ተከተለች። እትዬ ብርቄ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግቢው ረግረግ ሆኖ ነበር።

ሮቶውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። እንደ ከበሮ ጮኸ።

«ማንጠግቦሽ ነው ያልሽኝ ስሟን?» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኔ ጠግቤያታለሁ።»

ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመችኝ። «ምነው ውኃው ቆልፎ አልተቀመጠም?»

«ምነው? ምነው ትለኛለች እንዴ ይህች?» አሉ እትዬ ብርቄ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ።

ያኔ ነው መጀመሪያ ነገሩ የገባኝ። እናንተም ወደ ከተማ የምትመጡ ልብ በሉት። እኛ አገር «ምነው» ማለት «ለምን» ማለት ነው፤ ልጅም ሽማግሌም ያለ ክፋት ይለዋል። ከተማ ያለ ሰው ጆሮ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ይሆናል፤ ምን ሆነህ ነው፣ አታፍርም፣ እንደማለት ይቆጠራል። ልጄ ታዲያ በቀን ውስጥ ከእንጀራ ይልቅ የምትበላው «ምነው» ነው። እንጀራውንም ቢሆን የማሽላ አይደለም ብላ እያኮረፈችበት ነበር፤ የከተማው ጤፍ እንጀራ ስስ ስለሆነ ብርሃን ላይ አንሥታ በዓይኖቹ ታየኝ ነበር።

ነሐሴ ሲጋመስ ምዝገባ ተጀመረ ሲሉ ሰማሁ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ትልቅ ነው፤ አጥሩ ላይ እንስሳት ተሥለዋል፤ ዘበኛው ደንብ ልብስ ለብሷል። ኢንተርቪው አለ አሉን። ዳይሬክተሩ ከረባት ያሰረ፣ ጠረጴዛው ላይ ትንንሽ ባንዲራ ያቆመ ሰው ነው። እኔ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ማንጠግቦሽ ባንዲራዎቹን መቁጠር ጀመረች።

«ዋት ኢዝ ዩር ኔም?» አላት።

ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለ?»

«ስምሽን ነው» አልኳት። እስከዚያ ድረስ አውቃለሁ።

«ምነው በአማርኛ አልጠየቀኝ?»

«እዚህ ግቢ ውስጥ አማርኛ አይወራም» አለ ዳይሬክተሩ፤ በአማርኛ።

«ምነው?»

ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እኔን ነው ምነው የምትለኝ?»

እንዲህ ማለታችን እኮ አይደለም ልለው ፈለግሁ። ቃሉ መጥቶ ነጠላዬ ላይ ቆመ። እሱ ግን ጥቂት ነገር ጠየቃት፤ አንዱን መለሰች፣ በሌላው መሐል ተነሥታ ጣሪያው ላይ የሚዞረውን ማራገቢያ ከበታቹ ሆና አብራው ዞረች። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ «ልጅሽ የትኩረት ችግር አለባት» አለኝ።

ደነገጥኩ። «የለባትም ጌታዬ። ጠዋት ዳስሻታለሁ።»

«ምኗን?»

«ግንባሯን። ቀዝቃዛ ነው።»

እሱም ግራ ገባው፤ እኔም ግራ ገባኝ። ትኩሳት ነበር የሰማሁት።

«ትኩረት ነው ያልኩት» አለ። «አቴንሽን።»

«ቀልብ ማለትዎ ነው?»

«እንደዚያ በይው። የቀልብ ችግር አለባት።»

«ችግሩ እንኳ የለባትም» አልኩት፤ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «ቀልቡ ነው የሌላት።»

ዳይሬክተሩ አልሳቀም። እነሱ ጋ የተረጋጋ ልጅ ብቻ እንደሚቀበሉ፣ ደረጃቸውም እንደማይፈቅድ ነገረኝ። ስንወጣ ማንጠግቦሽ ዘበኛውን፣ «ምነው ዝሆኑን አረንጓዴ ቀባችሁት?» አለችው። ዘበኛው ዘወር ብሎ ሥዕሉን አየና፣ «እኔም ብዬ ነበር» አላት። ከዚያ ግቢ የወደድኩት ሰው እሱ ነው።

ሁለተኛዋን ትምህርት ቤት ያገኙልኝ እትዬ ብርቄ ናቸው። የትምህርት ቤቷ ባለቤት ፈገግታ የማይለያት፣ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ የሚገባ ሴት ናት። ልጆቹ ሚስ ነው የሚሏት። የልጄን ነገር እየተንተባተብኩ ስነግራት እጄን ያዘችኝ።

«እናቴ፣ ሁሉም ወላጅ እንዲህ ብሎ ነው የሚመጣው። እኛ ጋ አንድ ወር ትቆይ። ሐውልት አድርገን ነው የምንመልስልሽ።»

ሐውልት መባሉን ልብ አላልኩትም፤ እጄን መያዟ ነው ልቤን የነካው። በጎንደር እጄን የያዘኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች። ዛሪማ ሰላምታ ከወንዙ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ያደርሳል፤ የልጁ፣ የላሚቱ፣ የማሳው ጤና ሳይጠየቅ ሰው አይለያይም። እዚህ ጎረቤቴ የብረት በሯን ከፍታ «ደህና» ትልና በሩ ከቃሉ ቀድሞ ይዘጋል።

ልጄ ዩኒፎርም ለበሰች፤ ከረባት በላስቲክ አንገቷ ላይ ገባ። መጀመሪያ ሰሞን እያለቀሰች ሄደች። ከዚያ ማልቀሱን ተወች። ከዚያ ደግሞ ለማመን የሚያስቸግር ነገር ሆነ፤ ጸጥ አለች። ቁጭ በይ ሲሏት ቁጭ፣ ተነሺ ሲሏት ተነሣች። አንድ ቀን የሮቶውን ቧንቧ ከፍታ እጇን ታጥባ ራሷ ዘጋችው። እትዬ ብርቄ መስኮታቸው ላይ ሆነው አይተው ኖሮ ከረሜላ ይዘው ወጡ። «ይኸው ሰው ሆነች» አሉ።

አያ ዘለቀም ደወሉ። «አንቺ ልጅ፣ ተቀመጠች?»

«ተቀመጠች አያ።»

«እሰየው። ጥምቀት ከመድረሱም በፊት» አሉ። አስማረ ከበስተኋላቸው ሲስቅ ይሰማኛል። ስልኩን ዘጋሁና እኔም ብቻዬን ልስቅ ሞከርኩ፤ ሰው ስለሌለ። አልመጣልኝም።

የሆነ ነገር ጎድሎብኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁትም። ያወቅሁት አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ይዣት ስመለስ ነው። አንድ ባጃጅ በአጠገባችን አለፈ፤ ጥሩምባው እንደ ፍየል ይጮሃል። እኔ ራሴ ቆሜ አየሁት። ወደ ልጄ ዞሬ ጠበቅሁ። ምንም አላለችም። ፊት ፊቷን እያየች ትሄዳለች።

«ምነው?» አላለችም። ከመቼ ጀምሮ እንዳላለች ላስታውስ ብል አልቻልኩም።

በማግስቱ ልፈትናት ብዬ ቀኝና ግራ ጫማዬን አቀያይሬ ተጫማሁ። አየችኝ፤ ዝም አለች። ነጠላዬን ገልብጬ ለበስኩ። ዝም አለች። ሻይዋ ላይ በስኳር ፈንታ ጨው ጨመርኩበት፤ ፊቷን አጨማድዳ ጠጣችው። ያን ጊዜ ብርጭቆውን ቀማኋትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ማንጠግቦሽ፣ ምነው ጨው አደረግሽበት ብለሽ አትጠይቂኝም?»

«ምነው ማለት ክልክል ነው።»

«ማን ከለከለ?»

«ሚስ። ምነው ያለ ልጅ ዞሮ ግድግዳ ያያል።»

«አንቺም አየሽ?»

«እኔ እዚያ ነው ወንበሬ» አለችኝ። «ግድግዳው ላይ አንዲት ጉንዳን ነበረች። እሷም ሄደች።»

ያን ቀን እንዴት እንደመሸ አላውቅም። ማሰብ የነበረብኝ ነገር ግልጽ ነው፤ ልጄ ተቀምጣለች። አያ ዘለቀ ያሉት ሆኗል። ዝም ብል ትማራለች ተብሎ እስከ ስምንተኛም እስከ አሥረኛም ግድግዳ እያየች ትደርሳለች። ካስወጣኋት ጥምቀት እየመጣ ነው፤ ሌላ ትምህርት ቤት ባላገኝ ቤት ትውላለች። ሁለቱንም በዚህና በዚያ እጄ ይዤ መዘንኳቸው፤ አንዱም አልከበደም፤ ሁለቱም እኩል አስፈሩኝ።

ጠዋት ሚስ ቢሮ ገባሁ። መንገድ ላይ የምናገረውን ስለማመድ ነበር፤ በክብር፣ በጨዋ አነጋገር፣ ከተማ ሰው እንደሚያወራው። ፊቷ ስቆም ሁሉም ጠፋብኝ። ነጠላዬን ከአፌ አወረድኩ፤ አንዲት ቃል ብቻ ቀርታኝ ነበር።

«ምነው?» አልኳት።

«ምኑ ነው ምነው?» አለች እየሳቀች።

«ልጄን ግድግዳ የምታሳይዋት። ምነው?»

ፈገግታዋ እንዳለ ሆኖ ዓይኗ ብቻ ተለወጠ። «መቀመጧን አይደል የፈለግሽው? ይኸው ተቀመጠች። ሌሎቹ ወላጆች ያመሰግኑናል።»

በእኛ አገር ይሁን በከተማው አነጋገር ያልኩት «ምነው» እስካሁን አልለየሁትም፤ ሁለቱንም ሳልለው አልቀረሁም። ክፍሉ ድረስ ሄድኩ፤ ልጄን ከግድግዳው አዞርኳት፤ ቦርሳዋን አንሥቼ ይዣት ወጣሁ። እስከ ፒያሳ ድረስ ዞር ብዬ አላየሁም።

ወደ ቤት ብመለስ እትዬ ብርቄ አሉ፤ ስልኬን ብከፍት አያ ዘለቀ አሉ። ስለዚህ ዝም ብዬ ሄድኩ። ከረባቱን ከአንገቷ አውጥቼ ቦርሳው ውስጥ ከተትኩት። አንድ ኮረብታማ ሰፈር ስንደርስ የሆነ ብረት በብረት ሲመታ ተሰማ፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ማንጠግቦሽ ቆመች። ከዚያ እጄን ለቃ ሮጠች። እኔም እየጠራኋት ተከተልኩ፤ በቆርቆሮ አጥር መሐል ባለ ክፍት በር ገባች፤ ገባሁ። ብዙ ሰው ትምህርት ቤቱን እንዴት መረጥሽው ይለኛል። እውነቱ ይህ ነው፤ ልጄን ልይዝ ገብቼ ቀረሁ።

የኪራይ ግቢ ነው፤ መሐሉ ላይ የዘይቱን ዛፍ አለ፤ ዛፉ ላይ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ተንጠልጥሏል። አንዲት ወጣት መምህርት ቸርኬውን በብረት እየመታች ልጆቹን ከዕረፍት ትጠራለች። ማንጠግቦሽ ሥሯ ቆማ ታያታለች። አፏ ተከፈተ፤ ተዘጋ። ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፤ ፈቃድ እንደምትጠይቅ።

«ጠይቂያት» አልኳት።

«ምነው ብረቱን ትመቺዋለሽ?»

መምህርቷ ብረቱን አወረደች። «አንቺ እንድትመጪ።»

«ምነው እኔ እንድመጣ?»

«ሌሎቹ ሁሉ መጥተው አለቁ።»

ልጄ ስታስብ ቆየች። ከዚያ፣ «ልምታው?» አለች።

መምህርት ፍሬ ትባላለች። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው የትክል ድንጋይ ከተማ ልጅ ናት። «እናቴ እስካሁን ምነው ትላለች» አለችኝ፤ «እኔንም ኮሌጅ ስገባ ስቀውብኛል።» ታሪካችንን ነገርኳት፤ ግማሹን እኔ ነገርኳት፣ ግማሹን ማንጠግቦሽ እየሮጠች ጨመረችበት። ፍሬ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና እንዲህ አለች፦

«እውነቱን ልንገርሽ። ቀልቧን ይዤ አስቀምጥልሻለሁ አልልሽም፤ ሐኪም ቤትም አሳያት፣ እዚሁ ሆስፒታል የሚያውቁት ነገር ነው። እኔ የምችለው ቀልቧ ሲሄድ ተከትዬው መሄድ ነው። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። የፈለግሽው እንድትቀመጥ ነው እንድትማር?»

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱ አንድ ይመስሉኝ ነበር።

ወዲያው ሸጋ ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። ማንጠግቦሽ መስኮቱ ደፍ ላይ ደብተሯን አስቀምጣ ቆማ እንድትጽፍ ተፈቀደላት፤ ሲደክማት ቸርኬውን የምትመታው እሷ ሆነች። የመጀመሪያው ቀን ዘይቱኑ ላይ አንድ ወፍ ሲያርፍ ደስ ብሏት መታችው፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ደብተሩን ጥሎ ወጣ። የዚህኛው ትምህርት ቤት ሽማግሌ ዳይሬክተር ጠመኔ በእጃቸው እንደያዙ በሩ ላይ ብቅ ብለው ሰዓታቸውን አዩ፣ ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡት፤ «ቆሟል መሰለኝ» አሉና እሳቸውም ለዕረፍት ወጡ። አንዲት እናት መጥታ ይህች ልጅ የእኔን ልጅ ታስታለች ብላ ጮኻለች። ሐኪም ቤትም ሄድን፤ ገና እየተመላለስን ነው። «ሀ»ን አሁንም አንዳንዴ ገልብጣ ትጽፋለች። ግን ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ምነው አንድና አንድ ሦስት አይሆንም?» ትላለች፤ እትዬ ብርቄም በመስኮታቸው፣ «ጠገብኩ» ይላሉ፤ ከዚያ ደግሞ አስበውበት፣ «ግን ምነው አይሆንም?» ይሏታል። ውኃ ሲመጣ የሮቶውን ክዳን የምትደባብሰው አሁን እሷ ናት።

ጥምቀት ሊደርስ ሲል አያ ዘለቀ ራሳቸው መጡ። የማሽላ ዱቄት በጆንያ፣ ማር በቅል፣ ሎሚ በከረጢት ይዘዋል። ዱቄቱን ሳሸተው ዓይኔ ሞላ፤ እሳቸው ደግሞ ሳይቀመጡ ጠየቁኝ።

«ተቀመጠች?»

ጆሮዬ እንዳይቀላ ፈራሁ። «አልተቀመጠችም አያ። ቆማ ነው የምትማር።»

ዱላቸውን አንሥተው፣ «ውሰጅኝ» አሉ።

ከመስኮቱ ውጭ ቆመን አየን። ልጆቹ ሁሉ ተቀምጠዋል። ማንጠግቦሽ ደፉ ላይ ተንጋዳ ትጽፋለች። ጥቂት ጻፈች፤ ድንገት እርሳሷን ጥላ በበሩ ወጣች። አያ ዘለቀ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ልጄ ዘይቱኑ ጋ ሄደች፣ ቅርንጫፉን ቀና ብላ አየች፣ ከዛፉ ጋር የሆነ ነገር አወራች፤ ከዚያ ዞራ ተመልሳ ገባች፣ እርሳሷን አነሣች።

«ተመለሰች» አሉ አያ ዘለቀ።

«አዎ አያ።»

«ዛሪማ እኮ ስትሄድ አትመለስም ነበር።»

ፍሬ ወጥታ ሰላም አለቻቸው። እሳቸውም፣ «ምነው ቆማ ትጽፋለች?» አሏት፤ ፍሬ ሳትቆጣ፣ ሳትቸኩል፣ ለልጄ እንደምትመልሰው መለሰችላቸው። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ጢማቸውን እያሻሹ ነበር። እትዬ ብርቄ በር ላይ ስንደርስ አያ ዘለቀ ቆሙ።

«እኔ ከተቀመጠች ነው ያልኩ» አሉ። «ቃሌ ቃል ነው።»

«አዎ አያ።»

«እናንተ ታዲያ አሁን የት ነው የተቀመጣችሁ?»

አልገባኝም። «እዚህ፣ እትዬ ብርቄ ግቢ።»

«ጎንደር ነው እንግዲህ የተቀመጣችሁ።»

«አዎ።»

«ተቀምጣለች እላቸዋለሁ» አሉ። «ውሸት አልተናገርኩ።»

እጃቸውን ስስም ሰው ፊት መሆኔን ረስቼ ሳቅሁ።

ማታውኑ ግን እናቴ ደወለች። ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ዛሪማ ገብቷል።

«ተቀመጣችሁ አሉኝ» አለች።

«አዎ እማ። ተቀመጥን።»

በስልኩ ውስጥ የሰፈሩ ውሻ ሲጮህ ሰማሁ፤ የማን ውሻ እንደሆነ እንኳ በድምፁ አወቅሁት። ለጥምቀት እንመጣለን ብላ አዲስ ቀሚስ ለልጄ እንዳሰፋች አውቃለሁ። እሷም፣ «ምነው» አለች።

«ምነው ምን እማ?»

«ምንም። ምነው ነው ያልኩ።»

ቃሉን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ግን ከሁለቱ ምነው የትኛውን እንዳለችኝ መለየት አቃተኝ። ማንጠግቦሽ ስልኩን ከእጄ ነጠቀች።

«አያቴ፣ ምነው ታለቅሻለሽ?»

«ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው የኔ ልጅ።»

ልጄ ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። በደንብ አሸተተችው። ከዚያ ወደ ጆሮዋ መለሰችው።

«ምነው ታዲያ ሽንኩርቱ አልሸተተኝ?» አለች።

እናቴ አፍንጫዋን ሳብ ስታደርግ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ። ልጄ ወደ እኔ ዞረች፤ ጥያቄውን ይዛ፣ ሳትንቀሳቀስ፣ መልሴን ትጠብቅ ጀመር።